ጭሱ የተባረረበት ቤት

በዋንዛ በር ሸለቆ አንድ ሰው ቤቱን ሊያድስ ሲነሣ፣ የቆየ ግድግዳ ሊያፈርስ ወይም ከጓሮው አንድ ዛፍ ሊጥል መጥረቢያውን ሲስል፣ በደጁ የሚያልፍ ሽማግሌ ቆም ብሎ አንዲት አጭር አባባል ይወረውርለታል። ባለቤቱ የአገሩ ተወላጅ ከሆነ ይስቃል፤ መጥረቢያውንም ለጥቂት ጊዜ ያስቀምጣል። እንግዳ ከሆነ ግን ነገሩ አይገባውምና ቁጭ ብሎ ታሪኩን ይሰማል። አባባሏን እኔም ለጊዜው አላነሣትም፤ መጀመሪያ የተናገሯት ሴት በራሳቸው ደጃፍ ተቀምጠው፣ በራሳቸው ሰዓት ይናገሯታል። ምሳሌ ከተወለደበት ቤት ተነጥሎ ሲሰማ ብልኀት ብቻ ይመስላል። ወደ ቤቱ ሲመልሱት ግን ከብልኀቱ በስተጀርባ ኪሳራ፣ ከኪሳራው በስተጀርባም አብዛኛውን ጊዜ ቅን ልብ ይገኛል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም፤ ይህም ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ታረቀኝ የሚባል ገበሬ ነበረ። ቤቱ ክብ፣ ሣር ክዳን ነው፤ ምድጃው በመካከል፣ ከምሰሶው አጠገብ ይነዳል። ከምድጃው በላይ ከአግዳሚ እንጨት የተሠራ ቆጥ ነበረ፤ በዚያ ቆጥ ላይ የዘር በቆሎ ሁለት ሁለቱ በገለባው እየተቋጠረ ይሰቀላል። ጭሱ በበቆሎው መካከል እየተሽሎከለከለ ወደ ወራጆቹ ይወጣና በሣሩ ውስጥ ተጣርቶ ሰማይ ይደርሳል። በማለዳ ከሩቅ ላየው ቤቱ እንደ ደከመ በሬ የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ወራጆቹ የአባትና የአያት ዘመን ጥቀርሻ ጠጥተው እንደ ቀንድ ጠቁረው ያብረቀርቃሉ።

በቆጡ ላይ የተሰቀለው በቆሎ የታረቀኝ ዋና ሀብት ነበረ። ዝናብ በዚያ ሸለቆ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ስለሚወጣ ከሌላ አገር የመጣ በቆሎ ሳያፈራ ይደርቃል፤ ስለዚህም ጎረቤቶቹ ሁሉ በቆሎን ትተው ማሽላ ዘሪ ሆነዋል። የታረቀኝ አባት ግን ከየአዝመራው ቶሎ የደረሰውን እየለየ፣ እየሰቀለ፣ እየዘራ አንድ ቀይና አጭር በቆሎ ለልጁ አወረሰ። በሬ ቢሞት ከጎረቤት ጋር ማዳበል ይቻላል፤ መሬት ቢጠብም የእኩል ይታረሳል። ያ ዘር ከጠፋ ግን በአገሩ ሁሉ የሚተካው አልነበረም።

ጭሱ የሚያስከፍለው ዋጋም ነበረ። የታረቀኝ እናት እመት የውብዳር መደባቸው ከምድጃው ትይዩ ነበረና ዓይናቸው ዓመቱን ሙሉ እንደቀላ ይኖራል። በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉታል፤ ተመልሶ ይሞላል። ስለዚህ ነገር ሲያማርሩ የሰማቸው አልነበረም፤ ሰው ከኖረበት ሕመም ጋር እንደ ጎረቤት ይለማመዳልና።

በኅዳር፣ በቆሎው ተሸክፎ ቆጡ ላይ በተሰቀለበት ሰሞን፣ የታረቀኝን ልጅ ደብሬን ያጩት ሰዎች ስለ ሰርጉ ሊነጋገሩ ከሜዳው አገር መጡ። መሪያቸው ወይዘሮ አስካለ ነበሩ፤ ሙሽራውን እናቱ ስትሞትበት ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። ሌላ እንግዳ ማር ወይም ቅቤ ይዞ እንደሚመጣ፣ ወይዘሮ አስካለ በሄዱበት ቤት ሁሉ ምክር ትተው ይመለሱ ነበር። እጃቸው የተባረከ፣ ጓሯቸው የተመሰከረለት ሴት ስለሆኑም ምክራቸውን የሚንቅ አልነበረም።

በማግሥቱ ማለዳ ቤቱን ዞረው ተመለከቱና ከጀርባው ቆሙ።

«ዘመዴ፣ በክረምት ይህ ሁሉ የተራራ ጎርፍ ወዴት ይወርዳል?»

«እግዜር ወዳዘዘው ነዋ እሜቴ» አለ ታረቀኝ። «ሲከፋውም በቤት ውስጥ ያልፋል።»

«እግዜርማ እጅ የሰጠዎት ቦይ እንዲያወጡለት ነው። ከግድግዳው ራቅ አድርገው ይቆፍሩና ውኃውን ወደ ጓሮ ይመልሱት። ቤትዎ ይደርቃል፤ ጎመንዎ ይጠጣል።»

ታረቀኝ ቆፈረ። እንደ ምልክት ሆኖ በዚያው ሰሞን ያልተጠበቀ የኅዳር ዝናብ ወረደ፤ ውኃው ቤቱን ሳይነካ በቦዩ ዞሮ ጓሮውን አጠጣ። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ የታረቀኝን ሚስት ውባለምን አመድ ከአጥር ውጭ ስትደፋ አገኟት።

«ወርቅ ትደፊያለሽ ልጄ?»

«አመድ ነው እሜቴ።»

«ስሙ ነው አመድ። ከጎመኑ ሥር በትኚው፤ ትሉ ራሱ ስንቁን ይዞ ይሄዳል።»

ትሉ ሄደ። ከዋንዛው ጥላ ሥር ቀጭጮ የኖረውን ጌሾም ወደ ፀሐይ እንዲያዛውሩት አዘዙ፤ ጌሾውም ቅጠሉን ለወጠ። የትክክለኛ ምክር አደጋው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ስሕተት ብቻውን ቢመጣ በር ላይ ይጠየቃል፤ እውነት አዝላው ስትገባ ግን ማንም ፊቱን አይገልጠውም። ታረቀኝ ወይዘሮ አስካለን ማመን የጀመረው በቦዩ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ሁሉ በቦዩ ሚዛን ይመዝነው ነበር።

ማታ እራት ቀርቦ እርጥብ እንጨት ሲነድ ወይዘሮ አስካለ ሳል ያዛቸው። ሳላቸው ሲበርድላቸው በጭሱ ውስጥ እጃቸውን እያወናጨፉ ሣቁ።

«ዘመዴ፣ እርስዎ ያሉት በየት በኩል ነው? ድምፅዎን እሰማለሁ፤ ፊትዎን ግን ካየሁ ቆየሁ!»

ቤቱ ሁሉ ሣቀ። ታረቀኝም ሣቀ፤ ነገር ግን አፈረ።

«ለሣቅ ብቻ አይደለም» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «በጥር ሚዜዎቹ ነጭ ለብሰው ይገባሉ፤ ጠቁረው ቢወጡ ሙሽሪትን ከከሰል ጉድጓድ አመጣናት ይባልብናል። ደግሞስ እማማ? ዓይናቸው እኮ እያለቀ ነው።»

ሁሉም ወደ እመት የውብዳር ዞሩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ ምን ይሻላል ይላሉ?» አለ ታረቀኝ።

«ምድጃውን ያውጡት። በጓሮ ትንሽ ጎጆ ይቀልሱለት። ወራጁን በውኃና በአሸዋ ያስፈትጉት፤ ግድግዳውን ነጭ አፈር ያስቀቡት። ይህን እንደ ሌሊት ወፍ የተንጠለጠለ በቆሎም ያውርዱና ፈልፍለው ጎታ ውስጥ ይክተቱት፤ አፉን በእበት ይምረጉት። እኔ ቤት እንዲህ ነው። ዓመት ከዓመት ብከፍተው አንዲት ፍሬ ጎድላብኝ አታውቅም።»

«አንዲት ፍሬ እንኳ?»

«አንዲት ፍሬ! እኔን ካላመኑ መጥተው ይዩ።»

ታረቀኝ አምኖም ሄዶ አየ፤ ስለዚህ ችኩል ነበረ ብሎ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ለሰርጉ ጉዳይ ወደ ሜዳው አገር በተሻገረ ጊዜ ወይዘሮ አስካለ ቤታቸውን አስጎበኙት። ግድግዳው እንደ ወተት የነጣ፣ ጣሪያው የጠራ፣ ጎታዎቹ በግድግዳው ሥር እንደ ጨዋ እንግዶች በሰልፍ የተቀመጡ ነበሩ። አንዱን ጎታ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ሙሉ ነበረ። ምን እንደ ሞላበት አልጠየቀም። የቤቱን ጥራት አይቶ፣ በልቡም የራሱን ቤት በዚያው መልክ ቀብቶ ተመለሰ።

ደቦ ተጠራ። ወንዶቹ መሰላል ላይ ወጥተው ወራጆቹን ሲፈትጉ ጥቀርሻው እንደ ጥቁር በረዶ ይወርድ ጀመር። ቀልድ የማያልቅበት ጎረቤቱ አበጀ ፊቱ ጠቁሮ ዓይኑ ብቻ እየበራ ከላይ ሆኖ ይጮኻል።

«ታረቀኝ! የአያትህን ጭስ እየፋቅሁልህ ነው፤ ምን ታበላኛለህ?»

«በነጩ ቤት ነጭ እንጀራ!»

«ቤትህ ክርስትና መነሣቱ ነዋ! ስሙን ማን እንበለው?»

በቆሎው ወርዶ ሲፈለፈል ደብሬ አንድ እቅፍ ያህል ከነገለባው ለይታ ያዘች።

«ይህን ለእኔ ተዉልኝ አባባ። ከአዲሱ ቤቴ ምድጃ በላይ እሰቅለዋለሁ። የእኛ ቤት ሽታ ይሽተተኝ።»

«ለጤፍ አገር ሰው በቆሎ ይዘሽ ልትሄጂ?» አለ አባቷ እየሣቀ። «አማቶችሽ ምን ይላሉ?»

«ተዋት» አለች ውባለም። «ሌላዋ ከቤቷ ስትወጣ ወርቅ ትለምናለች፤ እሷ የለመነችው ጥቀርሻ ነው።»

ሰርጉ አማረ። ሚዜዎቹ ነጭ ሆነው ገቡ፤ ነጭ ሆነው ወጡ። በዋንዛ በር ከዚያ በፊት በቀን ብርሃን የእንግዳውን ሁሉ ፊት የሚያሳይ ቤት አልነበረምና፣ ሰዎች ሲመለሱ ከሙሽራዋ እኩል ስለ ግድግዳው ያወሩ ነበር። ትልቁ ለውጥ ግን በእመት የውብዳር ላይ ታየ። የዓይናቸው ቅላት ጠፋ። ከአጥር ወዲያ የሚመጣውን ሰው በአካሄዱ ሳይሆን በፊቱ ለዩት። ለብዙ ዘመን የተዉትን እንዝርት አንሥተው በነጩ ግድግዳ ሥር መፍተል ጀመሩ፤ ድሩም ከቶ አይበጠስባቸውም ነበር።

ወደ ሚያዝያ ገደማ ውባለም ቤት ስትጠርግ በመደቡ ላይ ነጣ ያለ ዱቄት አገኘች። ጠረገችው፤ በማግሥቱም አገኘችው።

«ይህ ነጭ አፈር ገና ካሁኑ ይረግፍ ጀመር እንዴ?» አለች።

እመት የውብዳር እንዝርታቸውን አቁመው ወደ ወራጆቹ ቀና ብለው ተመለከቱ። ከዚያም እንዝርቷን እንደገና አሾሯት።

በግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ ወረደ። ታረቀኝ ማሳውን ገልብጦ አለስልሶ፣ የዘር ቁና ይዞ ወደ ጎታው መጣ። ምርጊቱን ሲሰብር ከውስጥ የሞቀ ትንፋሽ ፊቱን መታው። እጁን ቢከት እህሉ እንደ ታመመ ሰው ገላ ይግላል፤ እጁን ሲያወጣ ነቀዙ እስከ ክርኑ ወጥቶበት ነበር። ፍሬውን ወደ ብርሃን ይዞት ወጣ። እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ ሲጨብጡት ዱቄት ይሆናል። ሚስቱ በገበቴ ውኃ አቀረበችለት። ደህና ፍሬ ይጠልቃል፤ የተበላው ይንሳፈፋል። አንድ እፍኝ ጨመሩ፤ ተንሳፈፈ። ከጎታው ሥር፣ ከጎኑም እየዛቁ ጨመሩ፤ ውኃው ፊቱ ሁሉ በቀይ ገለባ ተሸፈነ እንጂ ወደ ሥር የወረደ አልነበረም።

ውባለም በገበቴው ላይ አጎንብሳ ቆየችና «የአባትህ ዘር» አለች።

ታረቀኝ ወደ ቤት ገባ። እናቱ በነጩ ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ይፈትላሉ። የተበሳውን በቆሎ በመዳፉ ዘረጋላቸው።

«እማ፣ ይህ እንዲህ እንደሚሆን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ወራጁስ? ይህ ዱቄት?»

«የወራጁም ነቀዝ ነው። የብሳና እንጨት ጭስ ካልጠጣ አይቆይም። አባትህ ቤቱን ሲሠራ እኔ ነበርሁ ያጨስሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝም» አሉ እመት የውብዳር። እንዝርቷን ግን አስቀመጧት። «ይህን ብቻ ብልህ እዋሽሃለሁ። ዓይኔ ዐረፈ ልጄ። ወደዚህ ቤት ከተዳርሁ ጀምሮ አልቅሶ ያልጨረሰ ዓይን ዐረፈ። ዛሬስ እነግረዋለሁ እያልሁ ስፈትል መሸ፤ ነገ እነግረዋለሁ እያልሁም ስፈትል ግንቦት ገባ።»

ታረቀኝ ሊቆጣ ፈለገ፤ ነገር ግን የእናቱን ዓይን ያን ቀን ሲያየው ንጹሕ፣ ቡናማ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋለ። ዱላውን ይዞ ወጣ። ቁጣውን የሚያወርድበት ቦታ ፍለጋ ወደ ሜዳው አገር ተሻገረ።

ወይዘሮ አስካለ በደጃቸው ተቀበሉት።

«እሜቴ፣ አንዲት ፍሬ አትጎድልም ብለውኝ ነበር።»

«አዎን፤ አልጎደለችብኝም። ምነው ደህና አይደሉም?»

«የእኔ ግን አንዲቷም አልተረፈች። ዘሬን ነቀዝ ጨረሰው።»

ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡና የጎታቸውን አፍ ከፈቱ። ታረቀኝ እጁን ከተተ፤ በጣቶቹ መካከል እንደ ውኃ የፈሰሰው ነጭ ጤፍ ነበረ።

«እርስዎ ጎታው ውስጥ የከተቱት…» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«በቆሎ ነዋ! እርስዎ አይደሉ እንዴ አውርድ ያሉኝ?»

ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ወይ ጉዴ! እኛ ዕድሜያችንን የምናስቀምጠው ጤፍ ነው። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ለጥርሱም አይሞላለትም። የበቆሎን ጠባይ እኔ የት አውቄው!» ከዚያ ድንገት ቀና አሉ። «ወራጅዎ ምን እንጨት ነው?»

«ብሳና።»

«የእኔ ጽድ ነው» አሉ በቀስታ። «ጽድ ጭስ አይፈልግም። ዘመዴ፣ ምነው ያን ጊዜ ጎታው ውስጥ ምን አለ ብለው ቢጠይቁኝ?»

«እርስዎስ ምነው ቆጡ ላይ ለምን ሰቀላችሁት ብለው ቢጠይቁኝ?»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው «ኑ» አሉት፤ ወደ ደብሬ ጎጆ ወሰዱት።

ጎጆዋ አዲስ ናት፤ ምድጃዋ በመካከል፣ ጭሷም በበሯ ይወጣል። ወይዘሮ አስካለ ሲገቡ አሳላቸው። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት። ደብሬ የአባቷን ፊት አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ሲነግራት ከምድጃው በላይ እጇን ዘረጋች። በቆሎው ከነገለባው ጠቁሮ፣ በጥቀርሻ ተሸፍኖ ወረደ። ገለባውን ገለጠችው። ፍሬው ቀይና ጠንካራ፣ ሲወርድም እንደ ጠጠር የሚንኳኳ ነበረ። ታረቀኝ ቅል ውኃ ለምኖ ጥቂት ጨመረበት። ፍሬው ወረደ። ሌላ ጨመረ፤ ያም ወረደ። ያን ጊዜ በምድጃው አጠገብ ተቀመጠና ጭሱ ነው ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

«ሁሉንም ውሰደው አባባ» አለች ደብሬ። «ሲያፈራ ትመልስልኛለህ።»

ሰፊው ማሳ በዚያ ዓመት በጎረቤት ማሽላ ተሸፈነ። ከደብሬ ቆጥ የወረደው ዘር የበቃው ለጓሮው ብቻ ነበረ፤ ታረቀኝም ጌሾው ከተዛወረበት ፀሐያማ ስፍራ አጠገብ፣ በቦዩ አፍ ላይ ዘራው። ዝናቡ እንደ ልማዱ ቀድሞ ሲወጣ በቦዩ የተመለሰው የተራራ ውኃ አደረሰው። የወይዘሮ አስካለ አንዱ ምክር ያጠፋውን ሌላው ምክራቸው አዳነ ማለት ነው፤ ስለዚህም በዋንዛ በር ስማቸው በክፉ አይነሣም።

በጥቅምት በቆሎው ተሸክፎ ሲገባ ታረቀኝ ከእናቱ ፊት ቆመ። ምድጃው ወደ ቤት መመለስ ነበረበት፤ ይህን ግን ለመናገር ጨነቀው።

«እማ፣ ዓይንሽስ?»

«ዓይኔ ምን ሆነ? ምድጃውን አስገባ፤ ጎጆዋን ለእኔ ስጠኝ።»

«የጓሮዋን? ማድ ቤቷን?»

«ነጭ አፈር ከተረፈህ ቅባልኝ። ፀሐይ ፊት ለፊቷ ናት። ዘሩ ከጭሱ ጋር ይደር፤ እኔ ከፀሐይ ጋር ልደር። መጀመሪያ ጠይቀኸኝ ቢሆን የምነግርህ ይህንኑ ነበር።»

እንዲሁም ተደረገ። የተበላው ወራጅ በአዲስ ብሳና ተተካ፤ ጭሱም ዕዳውን ሊከፍል እንደ ተመለሰ ሰው ቀስ እያለ ያጠቁረው ጀመር። አበጀ ግን የእመት የውብዳርን ነጭ ጎጆ እያየ ሲቀና ከረመ። አንድ ቀን ጠዋት መሰላል ተሸክሞ በደጃቸው አለፈ።

«ወዴት ነው በመሰላል?» አሉት ከእንዝርታቸው ቀና ብለው።

«ጥቀርሻዬን ልፍቅ ነው እማማ! እኔስ ከእርስዎ በምን አንሼ በጨለማ እኖራለሁ? ምድጃዬን ዛሬ አወጣዋለሁ።»

«ከቆጥህ ላይ ምን ተሰቅሏል?»

«የማሽላ ዘር ነዋ።»

«ወራጅህስ?»

«ያው እንደ ታረቀኝ ብሳና ነው።» አበጀ ይህን ሲል መሰላሉ በትከሻው ላይ ከበደው። «ምን ነካኝ? አይቼዋለሁ እኮ፤ ወራጁን የፋቅሁት እኔ ራሴ አይደለሁም?»

«ፍቀሃል፤ አላየህም» አሉ እመት የውብዳር። «ሰው በልጅ ልጄ ሰርግ የተዳረችው ደብሬ ብቻ ትመስለዋለች፤ የተዳሩት ግን ሁለት ነበሩ።»

አበጀ መሰላሉን አውርዶ ከአጥሩ አስደገፈና «ሁለተኛዋ ማን ናት እማማ?» አለ፤ እሳቸውም እንዝርቷን በጭናቸው ላይ አሹረው፣ ከታረቀኝ ጣሪያ እየተጣራ የሚወጣውን ጭስ በጠራ ዓይናቸው እየተመለከቱ እንዲህ አሉት፦ «ጭሱን የጠላ፣ ዘሩን ለነቀዝ ዳረ።»